ዊልያም ስቱክሊ፤ የለካውና ያመነው

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ክፍል፣ ዊልትሺር በተባለው አውራጃ፣ ኤቭበሪ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። የመንደሯ ከፊል የሚገኘው ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት በተቆፈረ ታላቅ ክብ ጉድባና ከጉድባው በወጣው አፈር በተሠራ ከፍተኛ ክምር ውስጥ ነው። በክቡ ውስጥ፣ የጉድባውን አፋፍ ተከትለው የቆሙ ያልተጠረቡ ግዙፍ ድንጋዮች ይታያሉ። ጎብኚው ዙሪያውን ሲዞር ግን በድንጋዮቹ መካከል ሌላ ነገር ያያል፤ ይኸውም ድንጋይ በነበረበት፣ አሁን ግን ባዶ በሆነው ቦታ ላይ የተተከሉ አጫጭር የኮንክሪት ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹን በ1930ዎቹ ዓመታት ያስተከለው በዚያ ስፍራ ቁፋሮ ያካሄደው አሌክሳንደር ኪለር ነው።

የሌለ ድንጋይ የት እንደነበረ በምን ይታወቃል? አንደኛው መንገድ ድንጋዩ የቆመበትን የመሠረት ጉድጓድ ቆፍሮ ማግኘት ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ድንጋዩ ሳይጠፋ ያየው፣ የለካውና በወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው የተወውን ሰነድ መመርመር ነው። ለኤቭበሪ ከሁሉ የበለጠውን ሰነድ የተወልን ሰው ዊልያም ስቱክሊ ይባላል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን ሊቅ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መሐንዲስ ያልሆነን ሰው የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስቱክሊ ሐኪም፣ በኋላም ቄስ ነበር። ነገር ግን በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ የቀያሽ ሥራ ነው፤ ትልቁ ስሕተቱም ቀያሽ ሊፈጽመው የሚችለው ስሕተት ነው። ስለዚህ የሕይወቱ ታሪክ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

አንቲኳሪዎች

በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር ውስጥ አንቲኳሪ የሚባሉ ሰዎች ተነሡ። የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ በአብዛኛው የመጻሕፍት ሰው ነበር፤ ስለ ጥንት ዘመን ለማወቅ ሲፈልግ የሮማውያንን ጸሐፊዎችና የገዳማትን ዜና መዋዕል ይገልጥ ነበር። አንቲኳሪዎቹ ግን ከመጻሕፍቱ ጋር መሬቱንም ማንበብ ጀመሩ። የፈረሰ ግንብ፣ የመቃብር ጉብታ፣ የዛገ ሳንቲም፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት፣ የቆየ የመሬት ውል፣ ለእነርሱ ሁሉም ምስክር ነበር። ብዙ ሰው በሥራቸው ይስቅ ነበር፤ ዝገትና አቧራ የሚሰበስቡ ሥራ ፈቶች አድርጎም ይቈጥራቸው ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክን ከዕቃና ከቦታ ጭምር የማጥናት ልማድ የተተከለው በእነርሱ እጅ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዊልያም ካምደን በ1586 ብሪታኒያ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ አገሪቱን አውራጃ በአውራጃ እየዞረ የጥንት ቅሪቶቿን የሚዘረዝር ነበር። በዚያው ዘመን ካምደንን ጨምሮ ጥቂት ሊቃውንት ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ማኅበሩ ግን በቀዳማዊ ጀምስ ዘመነ መንግሥት ተቋረጠ። ከእነርሱ በኋላ ጆን ኦብሪ መጣ። ኦብሪ በ1649 ጥር ወር ለአደን ወጥቶ ሳለ በአጋጣሚ ኤቭበሪ ደረሰና የድንጋዮቹን ክብ አይቶ ተደነቀ። በ1663ም በንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ትእዛዝ በቅየሳ ገበታ የቦታውን ንድፍ አነሣ። የኦብሪ ጥናት ግን በሕይወቱ ሳለ አልታተመም፤ በእጅ ጽሑፍ እንደተቀመጠ ቀረ። ስቱክሊ የኦብሪን ሥራ ያገኘው ጓደኛው ሮጀር ጌል በእጁ ከነበረው ግልባጭ ነበር። የአንዱ ቀያሽ ማስታወሻ ሌላውን ቀያሽ ወደ ቦታው መራው።

ልጅነትና ትምህርት

ዊልያም ስቱክሊ የተወለደው በ1687 ኅዳር ወር፣ በሊንከንሺር አውራጃ፣ ሆልቢች በተባለች ከተማ ነው። ይህ ዓመት አይዛክ ኒውተን ስለ ስበት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት ነበር፤ የሁለቱ ሰዎች መንገድም ኋላ እንደምናየው የሚገናኝ ሆነ። የስቱክሊ አባት የሕግ ሰው ነበር። ልጁ ግን ወደ ሕግ አላዘነበለም። በ1703 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ በዚያም ኋላ በሳይንስ ስሙ ከታወቀው ከስቲቨን ሄልስ ጋር እየዞረ ዕፀዋት ይሰበስብ፣ የእንስሳት አካል እየከፈተ ይመረምር ነበር።

ከካምብሪጅ ቀጥሎ ለንደን ውስጥ በታዋቂው ሐኪም በሪቻርድ ሚድ ሥር ተለማመደ፤ ከ1710 ጀምሮም በተወለደበት አውራጃ ውስጥ በምትገኘው ቦስተን ከተማ በሐኪምነት ሠራ። በ1717 ወደ ለንደን ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር አባልነት ተመረጠ፤ በዚያው ጊዜ የአንቲኳሪዎች ማኅበር በአዲስ መልክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆነ። በ1720 አንድ ዝሆን በለንደን በሞተ ጊዜ አስከሬኑን ከፍተው ከመረመሩት ሐኪሞች አንዱ እርሱ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ያነሣሁት ለወሬ ያህል አይደለም። የአካል ክፍል መርማሪ ሐኪም ከፍቶ ያያል፣ ያየውን ይሥላል፣ ለሣለው ነገር ስም ይሰጣል። ስቱክሊ ይህንኑ ልማድ ወደ ሜዳ ይዞት ወጣ። በስቶንሄንጅ ሁለት ቋሚ ድንጋዮች አንድ አግዳሚ ተሸክመው የሚቆሙበትን አሠራር ትሪሊቶን ብሎ የሰየመው እርሱ ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ሦስት ድንጋይ ማለት ነው።

የመስክ ሥራ ዓመታት

ከ1719 እስከ 1724 ድረስ ስቱክሊ በየዓመቱ ከለንደን እየተነሣ ወደ ዊልትሺር ይሄድ ነበር። ኤቭበሪንና ከእርሷ በስተደቡብ የሚገኘውን ስቶንሄንጅን ደጋግሞ ለካ። በስቶንሄንጅ ብቻ የወሰዳቸው ልኬቶች እስከ ሁለት ሺህ እንደሚደርሱ ይነገራል። ከተለያየ አቅጣጫ እየቆመ የአካባቢውን ገጽታ ሣለ፤ በንድፎቹም ላይ የሣለበትን ቀን ይጽፍ ነበር። ዛሬ ለእኛ ተራ መስሎ የሚታየን ይህ ልማድ በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚከተሉት ነበር።

ያገኘውም ብዙ ነው። በ1721 ከስቶንሄንጅ የሚነሣውንና በሁለት ትይዩ የአፈር መስመሮች የታጠረውን ጎዳና ለይቶ አሳየ። በ1723 ደግሞ ከስቶንሄንጅ በስተሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን የአፈር አጥር አገኘ፤ የሠረገላ እሽቅድድም የሚካሄድበት ሜዳ መስሎት ከርሰስ የሚል የላቲን ስም ሰጠው። እሽቅድድሙ ግምት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ መስመሩ ግን ባለበት ቦታ አለ፣ በሰጠውም ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። የስቶንሄንጅ ዋና መስመር በበጋው ረጅሙ ቀን ፀሐይ ወደምትወጣበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንደሚያመለክትም አስተውሎ በጽሑፍ አወጣ። ከሎርድ ፔምብሩክ ጋር ሆኖ በአካባቢው ካሉት የመቃብር ጉብታዎች አንዳንዶቹን ሲያስቆፍር የአፈሩን ንብብር ከላይ እስከ ታች መዝግቧል።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን ሙያ ሰው የሚያስደስተው ግን ስለ መንገዶች ያስተዋለው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ስቶንሄንጅን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ክርክር ነበረበት። በ1655 የታተመው የአርክቴክቱ የኢኒጎ ጆንስ መጽሐፍ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ነው ይል ነበር። በ1663 ደግሞ ዋልተር ቻርልተን የተባለ ሐኪም ለዴንማርክ ሰዎች ሰጠው። ስቱክሊ ለዚህ ክርክር መልስ የፈለገው በመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በዶርሴት አውራጃ አንድ የሮማውያን መንገድ በጥንታዊ የመቃብር ጉብታ ጠርዝ ላይ ቈርጦ እንደሚያልፍ አየ። መንገዱ ጉብታውን ከቈረጠው ጉብታው ከመንገዱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። እንደዚሁም በኤቭበሪ አጠገብ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲልበሪ የሚባል በሰው እጅ የተከመረ ኮረብታ አለ፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣው የሮማውያን መንገድ እዚህ ኮረብታ ዘንድ ሲደርስ ይታጠፋል። ቀያሹ መስመሩን ያጠፈው ኮረብታውን በፊቱ ስላገኘው ነው። እንዲህ እያለ ስቱክሊ በምድሪቱ ላይ ያሉትን ሥራዎች በቅደም ተከተል አስቀመጠ፤ ታላላቆቹ ድንጋዮችም ከሮማውያን መምጣት በፊት በአገሩ ተወላጆች የተተከሉ ናቸው የሚለውን የኦብሪን አሳብ አጸና። በዚህ ረገድ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ስቱክሊ በኤቭበሪ በሚሠራበት ጊዜ ግን ድንጋዮቹ በዓይኑ ፊት ይጠፉ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የመንደሩ ሰዎች ከድንጋዮቹ ብዙዎቹን ጥለው ቀብረዋቸው ነበር፤ የተቀበረ ድንጋይ ደግሞ ቢያንስ አይጠፋም። የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሰዎች ግን የእርሻ ቦታ ለማስለቀቅና ለቤትና ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ለማግኘት ይሰብሯቸው ጀመር። ድንጋዩ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በመዶሻ ብቻ አይበገርም። ስለዚህ በአጠገቡ ጉድጓድ ቆፍረው ድንጋዩን ይጥሉበታል፤ ከሥሩ ጭድ አቀጣጥለው እስኪግል ድረስ ያነዱበታል፤ ከዚያም መሰንጠቅ በሚፈልጉበት መስመር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰው ወዲያው በከባድ መዶሻ ይመቱታል። ስቱክሊ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጻፈ፤ ሥዕሉንም ሣለ። የትኛው ድንጋይ በየትኛው ዓመት እንደተሰበረ፣ የሰበረውም ማን እንደሆነ እየጠየቀ መዘገበ። ሊያስቆማቸው ሥልጣን አልነበረውም። በእጁ የነበረው ማስታወሻ ደብተርና መለኪያ ብቻ ነበር።

ከኤቭበሪ በድንጋይ ረድፎች መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው ጎዳና ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ኦቨርተን በተባለ ኮረብታ ላይ ያበቃ ነበር። በዚያ ላይ ሁለት የድንጋይ ክቦች አንዱ በሌላው ውስጥ ቆመው ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ቦታውን መቅደስ ይሉታል። ስቱክሊ ክቦቹን በቁማቸው ለካቸው፣ ሣላቸውም። በ1724 ግን ድንጋዮቹ ተነቅለው አልቀዋል፤ ቦታውም ታረሰ።

ከሜዳ ወደ መጽሐፍ ቤት

በ1726 ስቱክሊ የለንደንን ኑሮ ትቶ ግራንተም ወደተባለችው ከተማ ሄደ። ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሚያዝያ ወር ሽማግሌውን ኒውተንን በኬንሲንግተን ጠይቆት ነበር። ምሳ ከበሉ በኋላ ከአትክልቱ ቦታ በፖም ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጡ ኒውተን የስበት አሳብ በወጣትነቱ የመጣለት ፖም ሲወድቅ አይቶ እንደነበረ አጫወተው። ስቱክሊ ይህን በ1752 በጻፈው የኒውተን የሕይወት ታሪክ ውስጥ አስፍሮታል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የፖም ታሪክ ከሚታወቅባቸው ምንጮች ዋነኛው ይህ ነው። ግራንተም ለኒውተን የትውልድ መንደር ቅርብ ስለሆነች ስቱክሊ በዚያ ሳለ የኒውተንን ልጅነት ከሚያስታውሱ አረጋውያን ወሬ ሰብስቧል። የሰማውን ሳይጠፋ የመጻፍ ልማዱ እዚህም ጠቀመ።

በግራንተም ሚስት አገባ፤ በ1729 ደግሞ ክህነት ተቀበለ፤ ከ1730 ጀምሮም በስታምፎርድ ከተማ የደብር አለቃ ሆነ። ከዚህ ጊዜ በኋላ ስለ ጥንታዊዎቹ ድንጋዮች የሚያስበው አሳብ መልኩን እየለወጠ ሄደ። በሮማውያን ዘመን በብሪታኒያ የነበሩት ድሩይድ የተባሉ ካህናት የአብርሃምን ዘመን ሃይማኖት ከምሥራቅ በባሕር የተቀበሉ ናቸው፤ ምሥጢረ ሥላሴንም አስቀድመው በጥላው ያውቁ ነበር ብሎ አመነ። በዚያ ዘመን የክርስትናን እምነት የሚጠራጠሩ ጸሐፊዎች በዝተው ስለነበር በድንጋዮቹ ምስክርነት ሊመልስላቸው ፈለገ። ኤቭበሪም በእርሱ አስተያየት እንዲሁ የድንጋይ ክብ አልነበረችም፤ ክቡ የመለኮት ምልክት ሲሆን ከክቡ የሚወጡት ሁለት ጎዳናዎች በአንድነት በክቡ ውስጥ የሚያልፍ ታላቅ እባብ ናቸው። በኦቨርተን ኮረብታ ላይ የነበረው መቅደስም የእባቡ ራስ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተነሣ። የእባብ ራስ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። ስቱክሊ በሜዳ የለካቸውና በማስታወሻው ያሰፈራቸው ግን ክቦች ነበሩ። በ1740 ስለ ስቶንሄንጅ፣ በ1743 ስለ ኤቭበሪ የጻፋቸው ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ታተሙ፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ የመቅደሱ ክቦች ሞላላ ሆነው ተሥለው ወጡ። ድንጋዮቹ ከጠፉ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሄዶ የሚለካ ማንም የለም። ንድፉን ያረመው አዲስ ልኬት ሳይሆን አሳቡ ነበር።

በስቶንሄንጅም ተመሳሳይ ነገር እናያለን፤ እዚያ ግን የተጣመመው ልኬቱ ሳይሆን ከልኬቱ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። ከብዙ ልኬቶቹ ተነሥቶ የድሩይዶች ክንድ የሚለው መለኪያ 20.8 ኢንች፣ በእኛ አቆጣጠር 53 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ አሰላ። እንደዚሁም ሠሪዎቹ መስመሩን ያወጡት በኮምፓስ ነው ብሎ በመገመት፣ የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ፈቀቅ የሚልበትን መጠን ከዘመን ጋር በማነጻጸር፣ ስቶንሄንጅ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ460 ነው አለ። ዛሬ በቁፋሮና በቤተ ሙከራ እንደታወቀው ታላላቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ ነው። የስቱክሊ ስሌት በዘዴው የረቀቀ ነበር፤ ነገር ግን ያልተረጋገጠ ግምት በመነሻው ላይ ተቀምጦ ስለነበር ስሌቱ ሁለት ሺህ ዓመት ሳተ።

ለእርሱ ፍትሕ ለመስጠት ያህል ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። በመጀመሪያ፣ ጤናማው ሊቅ በክህነቱ ምክንያት አእምሮው ተቃወሰ የሚለው የቆየ አስተያየት በአሁኑ ጊዜ ተቀባይነቱ ቀንሷል፤ የሃይማኖቱ አሳብ በመስክ ሥራው ዓመታትም ከእርሱ ጋር እንደነበረ ማስታወሻዎቹን የመረመሩ ሊቃውንት አሳይተዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሳይንስንና ቅዱሳት መጻሕፍትን አዋሕዶ ማየት የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ራሱ ኒውተንም ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ቅርጽና መለኪያ ብዙ ደክሟል። ስለዚህ ጥፋቱ ማመኑ አይደለም። ያመነውን ነገር እንደለካው አድርጎ መሣሉ ነው።

ከኮፐንሃገን የመጣው ደብዳቤ

በ1747 ስቱክሊ ከኮፐንሃገን ከተማ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊው በዚያ የእንግሊዝኛ መምህር የነበረው ቻርልስ በርትራም የተባለ ወጣት ነበር። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ መነኩሴ የጻፈውን፣ የሮማውያንን ዘመን ብሪታኒያ ከነከተሞቿና ከነመንገዶቿ የሚዘረዝር ያልታወቀ መጽሐፍ አግኝቻለሁ አለ። ስቱክሊ በመጀመሪያ ጥቂት አመነታ። ነገር ግን የእጅ ጽሑፉ ናሙና ነው የተባለ ቅጂ በተላከለት ጊዜ ጥርጣሬው ተወው። መነኩሴው ታሪክ የሚያውቀው የሲረንሰስተር ሪቻርድ ነው ብሎ ራሱ ስም አገኘለት፤ በ1757ም ስለዚሁ መጽሐፍ የጻፈውን ከካርታው ጋር አሳተመ።

መጽሐፉ የበርትራም ፈጠራ ነበር። ነገሩ በማያጠራጥር ሁኔታ የተገለጠው ግን በ1860ዎቹ ዓመታት ነው። እስከዚያ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ጸሐፊዎችና ካርታ ሠሪዎች ያልነበሩ የሮማ ሰፈሮችንና መንገዶችን ከዚህ መጽሐፍ ሲቀዱ ኖሩ። ስቱክሊ ዋናውን ብራና በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ድንጋይ በሆነ ጊዜ ዝናብና ብርድ ታግሦ ሄዶ ካልዳሰሰ የማያምን ሰው፣ ከሩቅ አገር የመጣለትን ወረቀት ግን የሚወደውን ነገር ስለነገረው ብቻ አመነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስቱክሊ በ1747 መጨረሻ ወደ ለንደን ተመልሶ በብሉምስበሪ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር አለቃ ሆነ። የአንቲኳሪዎች ማኅበር በ1751 የንጉሥ ቻርተር አግኝቶ ሲጸና ለማየት በቃ። በ1750 ለንደንን የመሬት መንቀጥቀጥ በነካት ጊዜ መንሥኤው በአየር ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ጻፈ፤ ይህም ሳይሆን ቀርቷል።

በእነዚህ ዓመታት በጥንታዊ ሥራዎች ላይ የሚደርሰው ጥፋት ያሳዝነው ነበር። ከጥፋቶቹ አንዳንዶቹን የፈጸሙት የእኛው ሙያ ሥራዎች ነበሩ። በስኮትላንድ የአርተር ምድጃ የሚባል፣ ጣራው እንደ ቀፎ የተደፋ የሮማውያን የድንጋይ ሕንፃ ነበር። ስቱክሊ አንድሩ ጄልፍ የተባለ አርክቴክት ለክቶ ባመጣው ንድፍ ላይ ተመሥርቶ በ1720 ስለ ሕንፃው አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። በ1743 የመሬቱ ጌታ ሕንፃውን አፍርሶ በድንጋዩ የወፍጮ ውኃ ግድብ አሠራበት። ግድቡን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ዛሬ የቀረው ንድፉ ብቻ ነው። በሰሜን እንግሊዝም ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ ለጦር ሠራዊት መተላለፊያ ከኒውካስል እስከ ካርላይል መንገድ ሲሠራ፣ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ122 ማሠራት የጀመረው ግንብ ብዙ ቦታ ላይ ፈርሶ ለመንገዱ መሠረት ሆነ። ስቱክሊ በ1725 ከሮጀር ጌል ጋር ያንን ግንብ ተከትሎ ተጉዞ ነበርና እስከ ንጉሣውያን ቤተሰብ ድረስ አቤት አለ፤ አቤቱታው ግን መንገዱን አላቆመውም።

ዊልያም ስቱክሊ በ1765 መጋቢት ወር በ77 ዓመቱ ዐረፈ። ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ከለንደን ወጣ ብላ በነበረችው በኢስት ሃም በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተቀበረ፤ በኑዛዜውም መሠረት ሣሩ ከላዩ ተደልድሎ ያለ ሐውልትና ያለ ምልክት ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የድንጋይ ምልክት ሲለካ የኖረ ሰው ለራሱ አንድ ድንጋይ አልፈለገም።

የቀረው ነገር

በ1930 ሞድ ከኒንግተን የተባለች ተመራማሪ በኦቨርተን ኮረብታ ላይ የጠፋውን መቅደስ ፈልጋ ስትቆፍር ቦታውን ካመላከቷት ሰነዶች ዋነኛው የስቱክሊ መዝገብ ነበር። ድንጋዮቹ የቆሙባቸው ጉድጓዶች ተገኙ፤ የሠሩትም ቅርጽ ክብ ነበር። ሞላላው የመጽሐፉ ሥዕል ሐሰት፣ ክቡ የሜዳ ማስታወሻው እውነት መሆኑ ታወቀ። በምዕራብ በኩል ከኤቭበሪ ይወጣ ነበር ያለውን ሁለተኛውን ጎዳና ደግሞ ብዙ ሊቃውንት እባቡን ለመሙላት የፈጠረው ነው እያሉ ይጠራጠሩት ነበር። በ1999 ቤክሃምተን በተባለው ቦታ በተደረገው ቁፋሮ የተቀበሩ ድንጋዮችና ድንጋይ የተሰበረባቸው ጉድጓዶች ተገኙ። ስለ እባቡ ተሳስቶ ነበር፤ ስለ ጎዳናው ግን እውነት ተናግሮ ነበር። ሰው እንዲጠራጠረው ያደረገው ራሱ ነበር፤ አንድ ንድፍ ያጣመመ ሰው የቀሩት ንድፎቹ ሁሉ እስኪመረመሩ ድረስ አይታመንምና።

ስለ ስቱክሊ ሳነብ የራሴን አንድ ገጠመኝ ሳላስታውስ አላለፍሁም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የከፍታ ልኬት እወስድ ነበር። ከአንድ ነጥብ ተነሥቼ ዞሬ ወደዚያው ነጥብ ስመለስ ቁጥሩ ሊገጥምልኝ አልቻለም፤ ልዩነቱም ከሚፈቀደው በላይ ነበር። መሽቶ ነበር፤ በማግሥቱ ውጤቱ ይጠበቅብኛል። በድንኳኑ ውስጥ በፋኖስ ብርሃን ደብተሬን ሳገላብጥ አጠራጣሪ የመሰለኝን አንድ ንባብ በላጲስ አጥፍቼ ሒሳቡ የሚገጥምበትን ቁጥር ጻፍሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ጎሕ ሲቀድ መስመሩን እንደገና ለካሁት። ስሕተቱ የተገኘው ከዚያ ሦስት ጣቢያ አልፎ ባልጠረጠርሁት ቦታ ነበር። ያጠፋሁት ቁጥር ትክክለኛው ነበር።

እኔ ተመልሼ የምለካው መሬት ስለነበረኝ ተረፍሁ። ስቱክሊ ሞላላውን ሲሥል ድንጋዮቹ አልነበሩም፤ ያረመው ግን የገዛ ማስታወሻውን አላቃጠለም። የሜዳ ደብተሩን ከነክቦቹ እንዳለ ተወው፤ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ያ ደብተር በራሱ በባለቤቱ ላይ መሰከረ። ከዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለምንሠራው ሥራ አሳብ ይኑረን፣ ግምትም ይኑረን፤ ያለ አሳብ ሜዳ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚለካ አያውቅም። ነገር ግን ያየነው ሌላ፣ ያሰብነው ሌላ ገጽ ላይ ይጻፍ። አሳባችንን የሚያርም ከእኛ በኋላ ይመጣል፤ የጠፋን ልኬት ግን ማንም አይመልሰውም።